ጎርናና ድምፅና መረዋ ድምፅ፤ ከፉከራ እስከ ሄቪ ሜታል

ባለፈው የትምህርት ዓመት በተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ላይ ከተሰሙት የተቀዱ ሙዚቃዎች አንዱ ከፍ ያለ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ሙዚቃው በውጭ ሀገር ሄቪ ሜታል ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ ዘፋኙ እኛ እንደ ለመድነው አልዘፈነም። ድምፁን ከጉሮሮው ሥር እያወጣ እንደ አንበሳ ያገሣ ነበር። በአዳራሹ ከነበርነው ገሚሱ ሣቀ፤ ገሚሱ ጆሮውን ያዘ፤ ጥቂቶች ደግሞ እጅግ ተደሰቱ። አንድ መምህራችን ከአዳራሹ ሲወጡ፣ «ይህ ጩኸት እንጂ ዘፈን አይደለም» አሉ። ከጓደኞቻችን አንዱም ፈጠን ብሎ፣ «ታዲያ የኔታ፣ ፉከራስ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩ ጥቂት ቆመው ካሰቡ በኋላ፣ «እሱን እናንተ አጥንታችሁ ንገሩን» ብለው ሄዱ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

የጽሑፋችን ዓላማ የአንዱን ወገን ሙዚቃ ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ አይደለም። የተነሣው ክርክር በእውነቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማሳየት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያሰቡ ሲከራከሩ ክርክሩ መጨረሻ የለውምና። ዓመተ ምሕረት የጠቀስንበት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. አንድ ምሽት በዲማ

ከእኛ መካከል አንዱ ልጅነቱን ያሳለፈው በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን በምትገኘው በዲማ ነው። የዲማ ስም ሲነሣ ሁለት ነገሮች ይታወሳሉ። አንደኛው ከ1986 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት የስደተኞች ሰፈር ነው። ሁለተኛው ወርቅ ነው። በወንዙ ዳርና በጕድጓዱ አፈር እያጠቡ ወርቅ የሚለቅሙት የአካባቢው ተወላጆች አኙዋዎች ብቻ አይደሉም፤ ከደጋው ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ሰዎችም በዚያ ይሠራሉ። ስለዚህ በዲማ አንድ ማታ ብዙ ዓይነት ዜማ ይሰማል።

ጓደኛችን እንደ ነገረን፣ በልጅነቱ አንድ ማታ ሥራ ካበቃ በኋላ ሰዎቹ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። አንድ አኙዋ ሽማግሌ ቶም ይመታሉ። ቶም ማለት በእንጨት ሣጥን ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ምላሶች ያሉት፣ በሁለት አውራ ጣት የሚመታ የአኙዋ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሽማግሌው ከመሣሪያው ድምፅ ሳይበልጡ፣ ለአጠገባቸው ሰው እንደሚያወሩ ያህል ዝቅ አድርገው ያንጐራጕሩ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ከደጋ የመጣ ወርቅ አውጪ ድንገት ብድግ አለ። ዱላውን ነቅንቆ፣ «ዘራፍ!» ብሎ እያጓራ ወዲህና ወዲያ እየተንጐራደደ ፎከረ። ጓደኞቹም በየመካከሉ አጀቡት።

ሽማግሌው ቶማቸውን አቁመው በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቀውን ልጅ ጠርተው፣ «ይህ ሰው የተቈጣው በማን ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም፣ «በማንም አልተቈጣም። ዛሬ ጥሩ ወርቅ ስለ አገኘ ደስ ብሎት ነው» አላቸው። ሽማግሌው ሣቁና፣ «እኔስ ሰው ሊገድል መስሎኝ ነበር» አሉ።

ይህ ታሪክ ትንሽ ቢመስልም የጥያቄያችን እንብርት በውስጡ አለ። ሻካራ ድምፅ የሚሰማ እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቍጣ ነው። የሙዚቃው ባለቤት ግን የሚሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል። በአዳራሻችን ጆሯችንን የያዝነው ተማሪዎች ምናልባት እንደ እኒያ ሽማግሌ ነበርን። ልዩነታችን እሳቸው መጠየቃቸው፣ እኛ ግን ሳንጠይቅ መፍረዳችን ነው።

2. የስሞቹ ትርጉም

በቋንቋችን ስለ ድምፅ የሚነገሩ ቃላት ብዙ ናቸው። መረዋ ድምፅ ሲባል እንደ ደወል የጠራና ርቆ የሚሰማ ማለት ነው፤ መረዋ በቤተ ክርስቲያን የሚደወለው የደወል ስም ነውና። ስርቅርቅ ድምፅ ለስላሳና የሚንቆረቆር ነው። ሰላላ የሚባለው የቀጠነ ነው። ጎርናና የሚባለው ደግሞ የወፈረና የሻከረ ነው። ከእነዚህ ሁሉ «ጎርናና» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ስድብ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ግርማ አለው ይባላል።

በሄቪ ሜታል ዙሪያም እንዲሁ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ዘፋኙ ዜማውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ጥርት ባለ ድምፅ የሚዘፍነው ሲሆን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ መረዋ እንለዋለን። ሌላው የሚጮኸው፣ የሚያጓራው ወይም የሚያገሣው ነው፤ እሱን ጎርናና እንለዋለን። አከፋፈሉ ጥሬ መሆኑን እናውቃለን። ጎርናናው ራሱ ወፍራም ግሣትና ቀጭን ጩኸት እየተባለ ይከፈላል። ለአሁኑ ነገራችን ግን ሁለቱ ስሞች ይበቁናል።

3. ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ

የጀግንነት ዜማዎቻችን ሦስት ስሞች አሏቸው፤ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ። በየአገሩ የስሞቹ አጠቃቀም ጥቂት ቢለያይም፣ በጠቅላላው ቀረርቶና ሽለላ ዜማ አላቸው። ምት ሳይገድበው ድምፁ ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፉከራ ግን ወደ ንግግር የቀረበ ነው። ቃላቱ ይጣደፋሉ፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ተናጋሪው በአንድ ትንፋሽ የቻለውን ያህል ይወረውርና አድማጩ እስኪያጅበው ይቆማል።

አሁን ሦስት ነገሮችን እናስተውል። የመጀመሪያው፣ በፉከራ የድምፅ መሻከር በስሕተት የመጣ አይደለም። ፎካሪው ከደቂቃ በፊት በቀረርቶ ድምፁን አጥርቶ ያዜመው ያው ሰው ሊሆን ይችላል። ዜማ ስለማይችል አይደለም የሚያጓራው፤ ነገሩ ስለሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው፣ ሻካራው ድምፅ ጊዜና ቦታ አለው። በዘመቻ፣ በሠርግ፣ በግዳይ፣ በደቦ ሥራ ላይ ይሰማል፤ ሕፃን ሲያስተኙ ግን የሚፎክር የለም። ሦስተኛውና ዋናው፣ በፉከራ ቃሉ መሰማት አለበት። ፎካሪው ማን እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ የት ውሎ ምን እንደ ሠራ ይናገራል። አድማጩም ምስክር ነው። ያልሠራውን የፎከረ ሰው ይታወቅበታል፣ ይሣቅበታልም። ስለዚህ ድምፁ ምንም ቢሻክር ቃሉ መጥፋት የለበትም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ይህ ዜማ ከጦር ሜዳ ወደ መድረክ የወጣበትን ጊዜ ማስታወስም ተገቢ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1935 የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ወራት ሲመሠረት ዓላማው ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ማነቃቃት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽለላና ፉከራ በቴአትር ቤትም፣ በራዲዮም፣ በዘመቻ ሰልፍም ተሰምተዋል። ከመንግሥት መንግሥት ቢለዋወጥም ሁሉም ሕዝቡን ለጦርነት ሲጠሩ ይህንኑ ሻካራ ድምፅ ፈልገዋል። ስለዚህ ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም፤ ኃይል ያለው መሣሪያ ነው፤ በመሣሪያም እንደ ያዡ ሁኔታ በጎም ክፉም ይሠራበታል።

4. በበገናና በዜማ ቤት

ሻካራነት ለጦርነት ብቻ ነው የሚል ቢኖር በገናን ያስታውስ። በገና ዐሥር አውታሮች ያሉት፣ ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር መሣሪያ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በተንተራሰበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ይገባል። የእንዚራው ሥራ አውታሩ ሲመታ እየነካካው «ዝዝ» የሚል ሻካራ ድምፅ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። እንዚራው ቢወጣ በገናው ጥርት ያለ፣ ነገር ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ የሚደክመው ይህን ቆዳ በማስተካከል ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አባቶቻችን ሻካራነትን ሆን ብለው፣ በቆዳ ለክተው፣ ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ እጅግ ለተከበረው ሰጥተውታል። ከበገናው ጋር የሚያዜመው ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃሉን እየለየ ነው የሚያዜም። ስለዚህ ሻካራነትና ጩኸት አንድ አይደሉም፤ ሻካራነትና ቍጣም አንድ አይደሉም።

በቅዱስ ያሬድ ስም በሚጠራው ዜማም ቢሆን ሁሉም ነገር ለስላሳ አይደለም። የዜማ መምህራን ግዕዝን ደረቅና ጠንካራ፣ አራራይን ግን የሚያራራ ይሉታል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በመቋሚያና በጸናጽል የጐለመሱ ሊቃውንት ሌሊቱን ሲቆሙ ካደሩ በኋላ በማለዳ የሚሰማው ድምፃቸው መረዋ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ድምፅ የሚነቅፋቸው ምእመን የለም። ጆሮ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ድምፁ የወጣበትን ድካምም ጭምር ነው።

5. ሽለላ በሳክስፎን

በሀገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ይህን ክርክር ያለ ቃል የፈታ አንድ ሰው አለ። እሱም ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ሙዚቃ ጀመረ። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሽለላንና የፉከራን ድምፅ በሳክስፎን ማውጣት ጀመረ። መሣሪያውን ያስጮኸዋል፣ ያስጓራዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ብዙ ሰዎች የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋቾች በ1960ዎቹ ካመጡት ነፃ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል፤ የእሱ ምንጭ ግን የአገሩ ፎካሪ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው በስተርጅና የሆነው ነው። በ2006 ጌታቸው ዘ ኤክስ ከተባለ የሆላንድ የፓንክ ቡድን ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም አወጣ። ፓንክ ከሄቪ ሜታል ጋር ቅርብ ዝምድና ያለው፣ በሻካራ ጊታርና በጩኸት የሚታወቅ ሙዚቃ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው የይፋት ሰውና እነዚህ አውሮፓውያን ያለ ብዙ ችግር ተግባቡ። ያስተዋወቃቸው ቋንቋ አልነበረም፤ ድምፅን ማሻከር ጥበብ ነው የሚለውን ሁለቱም ቀድመው ማወቃቸው እንጂ። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ።

6. ሄቪ ሜታል ከየት መጣ?

ሄቪ ሜታል ቃሉ ከባድ ብረት ማለት ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ከተቋቋመው ብላክ ሳባዝ ከተባለው ቡድንና በ1970 ከወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ይቈጠራል። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ መኪና ቈርጦበት ነበር። በኋላ ጣቶቹ እንዳይታመሙ የጊታሩን አውታሮች አላላቸው፤ በዚህም ምክንያት ድምፁ ወፈረ፣ ከበደም።

በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ጊታሩ ቢሻክርም ዘፋኙ መረዋ ነበር። የጁዳስ ፕሪስት ሮብ ሃልፎርድና በ1981 ወደ አይረን ሜይደን የገባው ብሩስ ዲኪንሰን በከፍታና በጥራት የሚታወቁ ድምፃውያን ናቸው። ሻካራው ድምፅ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1981 እና በ1982 ባወጣቸው አልበሞች ዘፈኑን ወደ ጩኸት አቀረበው። ከዚያም በአሜሪካ ፖሰስድ በ1985፣ ዴዝ የተባለውም ቡድን በ1987 ግሣቱን የአዲስ ሙዚቃ መለያ አደረጉት። በዚያው በ1987 የእንግሊዙ ናፓልም ዴዝ ከሁሉ የፈጠነና የሻከረ ሙዚቃ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ድምፅ የሚያዋሕዱ መጡ። ከእነዚህ ውስጥ ለክርክራችን እጅግ የሚጠቅመው ኦፔዝ የተባለው የስዊድን ቡድን ነው። ዘፋኙ ሚካኤል ኦከርፌልት በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲያገሣ ቈይቶ ወዲያው በለስላሳ ድምፅ ያዜማል። በ2003 ሙሉ በሙሉ በመረዋ ድምፅ የተዘፈነ አልበም አወጣ። ከ2011 ጀምሮ ግሣቱን ከአዳዲስ አልበሞቹ አስወገደ፤ ተከታዮቹም ሁለት ወገን ሆነው ዐሥር ዓመት በላይ ተከራከሩ። በ2024 ባወጣው አልበም ደግሞ ግሣቱን መለሰው። አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ ሁለቱንም በፈቃዱ ሲያወጣና ሲተው ካየን፣ «የሚያገሣ ዘፈን ስለማይችል ነው» የሚለው አስተያየት ይወድቃል። በእኛም አገር ቀረርቶና ፉከራ በአንድ ሰው አፍ እንደሚፈራረቁ ከላይ ገልጸናል።

ሴቶችም በዚህ ሥራ አሉበት። በ2000 አርክ ኤነሚ ወደ ተባለው የስዊድን ቡድን የገባችው ጀርመናዊቱ አንጌላ ጎሶው ካንዳንዱ ወንድ የበለጠ ታገሣ ነበር። በአፍሪቃም በቦትስዋና እንደ ኦቨርስረስት ያሉ ቡድኖች፣ በኬንያም በ2020 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ዱማ ሻካራውን መንገድ ይዘዋል። በሀገራችን ከባዱን ጊታር ከአገር ዜማ ጋር ያገናኘው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ» የተባለ አልበም ያወጣ ሲሆን፣ ድምፃውያኑ በአብዛኛው የሚዘፍኑት በመረዋ ድምፅ ነው። ጊታሩ ይሻክራል፣ ሰው ግን ያዜማል። ይህ ምርጫ ከአድማጫችን ጆሮ ጋር የተስማማ ይመስለናል።

7. በጉሮሮ ውስጥ የሚሆነው

ድምፅ የሚወጣው ከሳንባ የሚመጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ሲያርገበግባቸው ነው። በተራ ንግግር ጊዜ የወንድ አውታሮች በሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል፣ የሴት ደግሞ ወደ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። አርግብግቢቱ እኩል ሲሆን ድምፁ መረዋ ይሆናል።

ከእነዚህ አውታሮች በላይ ሌሎች ሁለት እጥፋቶች አሉ፤ ሐኪሞች ሐሰተኛ የድምፅ አውታሮች ይሏቸዋል። በተራ ንግግር ሥራ የላቸውም፤ ስንውጥና ስናስል አየር መንገዱን ለመዝጋት ይረዳሉ። በሜታል ግሣት ጊዜ ግን እነዚህና ከእነሱ በላይ ያለው ሥጋ ይርገበገባሉ። አርግብግቢቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁ ይሻክራል። በሳይቤሪያ የሚኖሩት የቱቫ ሰዎች ካርጊራ በሚባለው ባህላዊ ዜማቸው እነዚህኑ እጥፋቶች ይጠቀማሉ። እነሱ ግን ሐሰተኞቹ አውታሮች ከእውነተኞቹ ሁለት ጊዜ አንድ ጊዜ እንዲርገበገቡ አሠልጥነዋቸዋል። ስለዚህ ድምፁ ከተራው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል።

ከዚህ የምንማረው ዐቢይ ነገር አለ። የሠለጠነ ሰው ሻካራውን ድምፅ የሚያወጣው ከእውነተኞቹ አውታሮች በላይ ሲሆን፣ ያልሠለጠነ ሰው ግን እነዚያኑ አውታሮች እርስ በርሳቸው እያጋጨ ነው። ለሚሰማው ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ለጉሮሮው ግን አይመሳሰሉም። ደግሞም የሠለጠነው ከምንገምተው ባነሰ ኃይል ነው የሚያገሣ። የቀረውን ማይክሮፎኑ ይሠራለታል። የኒው ዮርኳ የድምፅ መምህር ሜሊሳ ክሮስ በ2005 ስለ ጩኸት አወጣጥ የሚያስተምር ፊልም ያወጣችው ይህን ልዩነት ለማሳወቅ ነበር።

8. የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ለመረዋው ድምፅ የሚቆሙት ሦስት ነገር ይላሉ። በመጀመሪያ፣ ሻካራ ድምፅ ዜማ የለውም። ሁለተኛ፣ ቃሉ አይሰማም። ሦስተኛ፣ ጉሮሮ ይጎዳል። ለጎርናናው የሚቆሙት ደግሞ፣ ከባዱ ሙዚቃ ለስላሳ ድምፅ አይሸከምም፤ ሐዘን፣ ፍርሃትና ንዴት በመረዋ ድምፅ ሲነገሩ ሐሰት ይሆናሉ ይላሉ።

የመጀመሪያው ነቀፋ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ፉከራም ዜማ የለውም፤ ከበሮም ዜማ የለውም። ዜማ የሌለው ነገር ሁሉ ከሙዚቃ ይውጣ ካልን የራሳችንን ግማሽ እናወጣለን። በሄቪ ሜታል ዜማውን የሚይዘው ጊታሩ ሲሆን፣ የሚያገሣው ሰው እንደ ከበሮ ነው የሚሠራ።

የጎርናናው ወገን መልስም እንዲሁ ጎደሎ ነው። ሐዘንን ለመግለጽ የግድ ማጓራት አያስፈልግም። ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ ድምፅዋ ተሰባብሮ፣ ቃልዋ ግን አንድ በአንድ እየተሰማ ለቀስተኛውን ሁሉ ታስለቅሳለች። ከባድ ነገር በዝግታም ይነገራል፤ ከላይ ያነሣነው በገና ለዚህ ምስክር ነው።

እኛን እጅግ ያከራከረን ሁለተኛው ነቀፋ ነው። ጓደኛችን ለመምህሩ «ፉከራስ?» ሲል የመለሰው መልስ ግማሽ እውነት ሆኖ ያገኘነው በዚህ ላይ ነው። በድምፁ መሻከር ፉከራና ግሣት ዘመዳሞች ናቸው። በቃሉ ግን ይለያያሉ። ፎካሪ ቃሉ ካልተሰማ አልፎከረም። የሜታል ዘፋኝ ግን ቃሉ ባይሰማም ግድ የለውም፤ አድማጩ ከፈለገ ከአልበሙ ጋር ከታተመው ጽሑፍ ያነባል። ስለዚህ መምህራችን የተቃወሙት በእውነቱ የድምፁን መሻከር አልነበረም። የተቃወሙት ቃል የሌለውን ሰው ነው። ቅኔና ሰምና ወርቅ ባሳደገው ጆሮ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እሳቸውም አልተሳሳቱም። ግን «ጩኸት ነው» ከማለት ይልቅ «ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ክርክሩ ወዲያው መንገዱን በያዘ ነበር።

9. የአንድ ጓደኛችን ነገር

ሦስተኛውን ነቀፋ ለብቻ ያቆየነው በእኛው ላይ ስለ ደረሰ ነው። ከዚያ የሙዚቃ ምሽት በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ ያውም ከሁላችን ይልቅ መረዋ ድምፅ የነበረው፣ ግሣቱን ለመማር ቈረጠ። አስተማሪ አልነበረውም። በየማታው ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ እየሄደ ያጓራ ነበር። ጉሮሮው ሲያቃጥለው ልምምዱ የሠራ መሰለው። በአራተኛው ሳምንት ድምፁ ጠፋ። እኛም «አሁን ገና እውነተኛ ፎካሪ ሆንህ» እያልን ሣቅንበት። ሁለት ወር ያህል በሹክሹክታ ተናገረ። ሐኪም ያየው ዘግይቶ ነበር፤ በአውታሮቹ ላይ ትንንሽ ቋጠሮዎች እንደ ወጡ ተነገረው። አሁን ይናገራል፤ በበዓል ቀን ግን እንደ ቀድሞው ከፍ አድርጎ አያዜምም። መሣቃችን ዛሬም ይቈጨናል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ሻካራ ድምፅ ሁሉ ጉሮሮ ይገድላል ብንል ፍርዱን እናዛባለን። መረዋ ድምፅም ያለ አግባብ ከተሠራበት ይጎዳል። ለጥራቷ ወደር ያልነበራት እንግሊዛዊት ጁሊ አንድሩስ በ1997 ጉሮሮዋን በኦፕራሲዮን ከታከመች በኋላ የቀድሞ ድምፅዋን አላገኘችም። አዴልም በ2011 የድምፅ አውታርዋ ደምቶ በኦፕራሲዮን መታከም አስፈልጓት ነበር። ቀኑን ሙሉ መንገደኛ የሚጣሩ የታክሲ ረዳቶችና ያለ ማይክሮፎን ትልቅ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራንም ከዚህ አደጋ አያመልጡም። ልዩነቱ የድምፁ ዓይነት ሳይሆን ትምህርቱ ነው። ፎካሪ በዓመት ጥቂት ቀን፣ ለጥቂት ደቂቃ ይፎክራል፤ አጃቢዎቹም እያቋረጡ ያሳርፉታል። ጓደኛችን የወሰደው የፉከራን ድምፅ ነበር፤ የፉከራን ዕረፍት ግን አልወሰደም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ድምፅ ለመማር ለሚፈልጉ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እንመክራለን። ሕመም የልምምድ ምልክት አይደለም፤ ሲያም ማቆም ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ ውኃ መጠጣት፣ በመካከልም ጉሮሮን ማሳረፍ ይገባል። የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

10. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ዘረዘርነው፣ «ጎርናና ወይስ መረዋ?» በሚለው ክርክር ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ተደባልቀው ይገኛሉ። የድምፁ ጠባይ አንድ ነው፤ የቃሉ መሰማት ሌላ ነው፤ የጉሮሮው ደኅንነት ደግሞ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሀገራችን ልማድ የሚመሰክረው ለጎርናናውም ነው፤ ፉከራውና እንዚራው ምስክሮች ናቸው። በሁለተኛው ላይ ልማዳችን ከመምህራችን ጋር ይቆማል። በሦስተኛው ላይ የሚፈርደው ልማድ ሳይሆን ሐኪምና አስተማሪ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ተስፋ አለን። ሻካራውን ድምፅ ከሄቪ ሜታል፣ የቃሉን ክብር ከፉከራ ወስዶ የሚያዋሕድ አንድ ወጣት ከመካከላችን ይነሣ ይሆናል። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ያደረገውን በጉሮሮ ለማድረግ የሚከለክል ነገር አናይም፤ ተምሮና ጉሮሮውን ጠብቆ ከሆነ።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራችን ባነበብንላቸው ጊዜ እስከ መጨረሻው በዝምታ አዳምጠው፣ ያንኑ ሙዚቃ እንደ ገና እንድናሰማቸው ጠየቁን። ሲያልቅም፣ «አሁንም አልወደድሁትም። ግን የሚለውን ጻፉልኝና ላንብበው» አሉን። ጽፈን ሰጠናቸው። የዲማው ሽማግሌ የጠየቁትም ከዚህ የተለየ አልነበረም።